ቅጠል እንቁራሪትን በትክክለኛ ወገኑ መመደብ፦ ከጣት እስከ ዘረመል

በአሮጌ የሙዚየም መለያ ወረቀት ላይ «ፊሎሜዱሳ» ተብሎ የተጻፈ እንቁራሪት ዛሬ ፊሎሜዱሳ ላይሆን ይችላል። ፒቴኮፐስ፣ ካሊሜዱሳ ወይም አጋሊክኒስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንስሳው ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ዘር ግንዱ ያለን እውቀት ነው። ይህ መመሪያ አንድን ቅጠል እንቁራሪት፣ በሕይወት ያለም ይሁን በፎቶ ወይም በአልኮል የተቀመጠ፣ በየትኛው ወገን መመደብ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ ያሳያል። «ወገን» ስንል ጂነስን ነው፤ ከሁለቱ የሳይንስ ስም ቃላት የመጀመሪያው ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ቀለም ነው። አረንጓዴ ጀርባ፣ ቀይ ዓይን፣ ብርቱካንማ ሽንጥ ዓይን ይስባሉ፤ ለወገን መለያነት ግን ደካሞች ናቸው። ስለዚህ ሥራው ከእግር ይጀምር፤ ቀለም በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ስሞቹን ማወቅ

ቅጠል እንቁራሪቶች ከሜክሲኮ እስከ ሰሜናዊ አርጀንቲና ብቻ የሚገኙ የዛፍ እንቁራሪቶች ናቸው። ዛሬ በ8 ወገኖች ይመደባሉ (በቅንፍ ያሉት የሰያሚው ስምና ዓመቱ ናቸው፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፦ ፊሎሜዱሳ (ዋግለር፣ 1830)፣ አጋሊክኒስ (ኮፕ፣ 1864)፣ ፒቴኮፐስ (ኮፕ፣ 1866)፣ ሃይሎማንቲስ (ፒተርስ፣ 1873)፣ ፍሪኖሜዱሳ (ሚራንዳ ሪቤይሮ፣ 1923)፣ ፋስማሃይላ (ክሩዝ፣ 1991)፣ ክሩዚዮሃይላ (ፋይቮቪችና ባልደረቦቹ፣ 2005) እና ካሊሜዱሳ (ዱኤልማን፣ ማሪየንና ሄጅስ፣ 2016)።

ከእነዚህ ዓመታት ሦስቱን ማስታወስ ብዙ ስህተት ያድናል። በ2005 የዛፍ እንቁራሪቶች ምደባ በዘረመል መረጃ እንደገና ተሠራ፤ ክሩዚዮሃይላ የተለየውም ያኔ ነው። በ2010 ቀድሞ ፓኪሜዱሳ ተብሎ ለብቻው የቆመው የሜክሲኮው ዳክኒኮሎር እና በሃይሎማንቲስ ሥር የነበረው ሌሙር ወደ አጋሊክኒስ ገቡ። በ2016 ደግሞ ሰፊው ፊሎሜዱሳ ተከፈለ። ትንንሾቹና ቀጫጮቹ ፒቴኮፐስ በሚለው ስም ሥር ገቡ፤ ይህ በ1866 የወጣ አሮጌ ስም እንደገና የተነሣ ነው። ሌላ ትንሽ ቡድን ካሊሜዱሳ የሚል አዲስ ስም አገኘ። ስለዚህ ማንኛውም ጽሑፍ ወይም መለያ ወረቀት በእጅዎ ሲገባ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት ይዩ። ከ2016 በፊት የተጻፈ «ፊሎሜዱሳ» የቀድሞው ሰፊ ፊሎሜዱሳ ነው።

ከወገን በላይ ያለው ደረጃም ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለው። አንዳንዶች ፊሎሜዱሲዴ ብለው ራሱን የቻለ ቤተሰብ ያደርጉታል፤ ሌሎች ፊሎሜዱሲኔ ብለው በሃይሊዴ ቤተሰብ ሥር እንደ ንዑስ ቤተሰብ ያስቀምጡታል። ልዩነቱ የደረጃ ብቻ ነው፤ ስለ ዝምድናው ክርክር የለም። አንዱን ይምረጡና በአንድ ሰነድ ውስጥ አይቀላቅሉ።

ደረጃ 1፦ ቅጠል እንቁራሪት መሆኑን ማረጋገጥ

የዓይኑን ብሌን ይመልከቱ። የቅጠል እንቁራሪት ብሌን በብርሃን ሲጠብ እንደ ድመት ብሌን ከላይ ወደ ታች የቆመ ስንጥቅ ይሆናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ሌሎቹ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች አብዛኞቹ አግድም ብሌን አላቸው። በመካከለኛው አሜሪካ ዱኤልማኖሃይላ የሚባሉት አረንጓዴ ሆነው ዓይናቸው ቀይ ነው፤ በችኮላ ያየ ሰው አጋሊክኒስ ይላቸዋል። ብሌናቸው አግድም በመሆኑ ግን በአንድ እይታ ይለያሉ። የአውስትራሊያው ክሎሪስም ቀይ ዓይንና አረንጓዴ ጀርባ አለው፤ እሱም ብሌኑ አግድም ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ብርሃን ነው። በጨለማ ብሌኑ ስለሚሰፋ ክብ ይመስላል፤ ሌሊት ድንገት በፍላሽ የተነሣ ፎቶም ብሌኑን እንደሰፋ ይይዘዋል። የግንባር መብራትዎን ከጎን አድርገው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያብሩበት፤ ብሌኑ ሲጠብ ያን ጊዜ ያንሡ።

ብሌን ብቻውን ግን አይበቃም። የአፍሪካዎቹ አፍሪክሳለስ የቆመ ብሌን አላቸው፤ ቅጠል አጣጥፈውም ውስጡ እንቁላል ይጥላሉ። ሁለቱ ወገኖች ይህን ልማድ ለየብቻቸው ያዳበሩት ነው እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ እንቁራሪቱ የተገኘበት አህጉር የማይታወቅ ከሆነ ሥራውን አይቀጥሉ፤ መጀመሪያ መነሻውን ያጣሩ።

ደረጃ 2፦ ዕቃና አያያዝ

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ካሊፐር፣ እስከ 0.1 ግራም የሚመዝን ሚዛን፣ ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት፣ አዲስ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ንጹሕ መስታወት ወይም ግልጽ ፕላስቲክ፣ የቀለም መለኪያ ካርድ፣ የድምፅ መቅጃ፣ ቴርሞሜትር እና ውኃ የማያጠፋው ቀለም ያለው ብዕር። እንቁራሪት ለመያዝም ሆነ ናሙና ለመውሰድ የአገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። አጋሊክኒስን ከአገር ማውጣት ደግሞ ሌላ ሕግ አለበት፤ አምስት ዝርያዎች ከ2010 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ሌሙር በ2022 ተጨምሯል።

ለእያንዳንዱ እንቁራሪት አዲስ ጓንትና አዲስ ከረጢት ይጠቀሙ። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ባትራኮካይትሪየም የሚባለው የቆዳ ፈንገስ ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ስለሚተላለፍ ነው፤ ይህ ፈንገስ በብዙ አገሮች የእንቁራሪት ዝርያዎችን ጨርሷል። ሁለተኛው የራስዎ ደኅንነት ነው። ቅጠል እንቁራሪቶች በቆዳቸው ውስጥ ደርማሴፕቲን፣ ደርሞርፊን፣ ሶቫጂንና ሌሎች ብርቱ ንጥረ ነገሮችን ያመርታሉ። በተለይ የትልቁ ፊሎሜዱሳ ቢኮሎር ፈሳሽ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት ከገባ ኃይለኛ ማስታወክና የልብ ምት መፍጠን ያስከትላል። እጅዎ ላይ ጭረት ካለ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩ፤ በጓንቱም ዓይንዎን አይሹ።

ከረጢቱ ውስጥ አንድ እርጥብ ቅጠልና በቂ አየር ይኑር። ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። በአንድ ከረጢት ሁለት እንቁራሪት አይክተቱ፤ ቢደናገጡ የሚያፈሱት ፈሳሽ እርስ በርሳቸው ሊጎዳቸው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከመንካት በፊት ፎቶ

መጀመሪያ በተገኘበት ቦታ፣ ሳይነካ ያንሡት። አንዳንድ የፊሎሜዱሳ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ቻኮ በሚባለው ደረቅ የደቡብ አሜሪካ አካባቢ የሚኖረው ሶቫጂ፣ ከቆዳቸው የሚወጣውን ሰም በእጅና በእግራቸው እያሹ ሰውነታቸውን ሁሉ ይቀባሉ፤ በዚህም ውኃ እንዳይተንባቸው ይከላከላሉ። ሰም የተቀባ እንቁራሪት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሰውነቱን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ ቆዳውም እንደ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። አንዴ ከተነካ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሰባት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ጀርባ፣ ጎን፣ ሆድ፣ ዓይን በቅርብ፣ እጅ፣ እግር፣ እና እግሩ ተዘርግቶ ሽንጥና ጭን የሚታዩበት። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ቅጠል እንቁራሪት ሲያርፍ እግሩን ስለሚያጥፍ ለመለየት የሚረዳው የሽንጥና የጭን ቀለም ሙሉ በሙሉ ይደበቃል። እንቁራሪቱን ጎትተው አይዘርጉት፤ ቀጭን እንጨት ላይ ያስቀምጡትና ሲራመድ ጠብቀው ያንሡ።

የእጅና የእግር መዳፍን ለማየት የሚሻለው መንገድ መስታወቱ ነው። እንቁራሪቱን በንጹሕ ውኃ የረጠበ መስታወት ላይ ያስቀምጡና ከታች ያንሡት። ጣቶቹ በራሳቸው ተዘርግተው ይለጠፋሉ፤ በመሃላቸው ያለው ቆዳ እስከ የትኛው አንጓ እንደሚደርስም በግልጽ ይታያል። በእጅ ተይዞ የተነሣ እግር ግን ጣቶቹ ስለሚጨማደዱ ቆዳው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ይህ አንድ ስህተት ብቻ አጋሊክኒስን ፊሎሜዱሳ ሊያሰኝ ይችላል።

ርዝመቱን ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ፊንጢጣው ቀዳዳ በካሊፐር ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ መካከለኛውን ይያዙ። በሦስቱ መሃል ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ እንቁራሪቱ ወገቡን አጉብጧል ማለት ነውና እንደገና ይለኩ። ሴትዋ ከወንዱ ትበልጣለች፤ በአጋሊክኒስ ካሊድሪያስ ወንዱ እስከ 59፣ ሴትዋ እስከ 77 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳሉ። ስለዚህ ጾታው ሳይጻፍ የተመዘገበ ርዝመት ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ደረጃ 4፦ እግርና እጅ

የሥራው እምብርት ይህ ነው። እጅ 4፣ እግር 5 ጣት አለው፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከአውራ ጣት በኩል ነው። ከውጭ የቆጠረ ሰው ከዚህ በኋላ ያለው መልስ ሁሉ ይገለበጥበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በጣቶቹ መሃል ቆዳ አለ? ሰፊ ቆዳ ካለ መንገዱ ወደ ሁለት ወገኖች ብቻ ይወስዳል፤ ወደ አጋሊክኒስ ወይም ወደ ክሩዚዮሃይላ። ሁለቱን ተረከዝ ይለያቸዋል። የክሩዚዮሃይላዎቹ ካልካሪፈርና ሲልቪያይ በተረከዛቸው ላይ እንደ ሾህ የወጣ ሥጋ አላቸው፤ ክራስፔዶፐስ ደግሞ በእግሩ ጠርዝ እንደ ዘርፍ የተንጠለጠለ ቆዳ አለው፤ ጀርባውም ላይ የዛፍ ሽበት የመሰለ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይታያል። በሦስቱም ሽንጡ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ቆዳማ ጣት ያላቸው አጋሊክኒሶች ይህ የተረከዝ ሾህ የላቸውም። ከነሱ መሃል ስፐሬሊ የእጁም የእግሩም ቆዳ በጣም ሰፊ ስለሆነ ከከፍታ ሲዘል ጣቶቹን ዘርግቶ በአየር ላይ ይንሳፈፋል።

ቆዳው ከሌለ ወይም ከጣት ሥር ካላለፈ ቀጣዩ ጥያቄ የእግር የመጀመሪያ ጣት ነው። በፊሎሜዱሳና በፒቴኮፐስ ይህ ጣት ረዥም ነው፤ እንደ ሰው አውራ ጣትም ከሌሎቹ ፊት ለፊት ገጥሞ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። በቀጭን እንጨት ላይ ሲያስቀምጧቸው አይዘሉም፤ እጅና እግር እያፈራረቁ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። በአጋሊክኒስ ግን የመጀመሪያው የእግር ጣት ከሁለተኛው ያጥራል። ለመለካት ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን ያስጠጉና የትኛው ጫፍ እንደሚቀድም ይዩ።

ሦስተኛው የጣት ጫፍ ነው። በአጋሊክኒስና በክሩዚዮሃይላ ጫፉ እንደ ትልቅ ክብ ሳህን ይሰፋል። በፒቴኮፐስ ሃይፖኮንድሪያሊስና በቅርብ ዘመዶቹ ጫፉ ከጣቱ ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ የሚጨብጥ እንጂ የሚለጠፍ እግር አይደለምና። የጫፉን ስፋትና የጣቱን ስፋት ለየብቻ ለክተው ይጻፉ። «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ብሎ መጻፍ ለቀጣዩ አንባቢ ምንም አይነግረውም።

በዚህ ደረጃ ብዙዎችን የሚያሰናክለው አጋሊክኒስ ሌሙር ነው። ቀጭን ነው፤ በጣቶቹ መሃል ቆዳ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ሲራመድም ቀስ ይላል። የቆዳውን ጥያቄ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ከአጋሊክኒስ ያስወጣዋል፤ ቀድሞም በፊሎሜዱሳ፣ በኋላም በሃይሎማንቲስ ሥር የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። አጋሊክኒስ መሆኑን የወሰነው የዘረመል መረጃ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ ወይም በአንዲስ ግርጌ ቆዳ የሌለው ቀጭን ቅጠል እንቁራሪት ካገኙ፣ ከጆሮው ኋላ ጎልቶ የሚታይ እጢ ከሌለው፣ የሌሙርን ቡድን ሳያጣሩ አይለፉ።

ደረጃ 5፦ እጢ፣ ዓይንና ቆዳ

ከዓይኑ ኋላ ጀምሮ በጎኑ ላይ የሚሄድ ወፍራም ጉብታ አለ? ይህ የጆሮ ኋላ እጢ ነው፤ ዛሬ ጠብቦ የቀረው ትክክለኛው ፊሎሜዱሳ ዋና ምልክቱ ይኸው ነው። ሴቶቹ 12 ሴንቲ ሜትር በሚጠጉት በቢኮሎር እጢው ከሩቅ ይታያል። በፒቴኮፐስ የለም፤ ቢኖርም ድንበሩ የማይለይ ነው። በአልኮል በቆየ እንቁራሪት ላይ ቆዳው ስለሚሸበሸብ እጢውን በዓይን ከማየት በጣት ዳብሶ መለየት ይቀላል።

ፒቴኮፐስንና ካሊሜዱሳን መለየት ከባዱ ክፍል ነው። የአማዞኑ ካሊሜዱሳ ቶሞፕተርና እና ፒቴኮፐስ ሃይፖኮንድሪያሊስ ሁለቱም ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ሽንጣቸው ብርቱካንማ፣ በላዩም እንደ ነብር ጥቁር መስመር ያለው ነው። በፎቶ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ተረከዙን ይዩ፤ ቶሞፕተርና ትንሽ የሥጋ ሾህ አለው፤ ሃይፖኮንድሪያሊስ የለውም።

የዓይን ቀለበት ቀለም በወገን ደረጃ የሚረዳው በፍሪኖሜዱሳ ላይ ነው፤ የዚህ ወገን ቀለበት ሁለት ቀለም ነው። በአጋሊክኒስ ውስጥ ግን ዝርያን ከዝርያ ለመለየት ይረዳል። ካሊድሪያስ ደማቅ ቀይ ዓይን አለው፤ ሽንጡ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ነጣ ያለ የቆመ መስመር አለበት። ሳልታቶርም ቀይ ዓይን አለው፤ ሽንጡ ላይ ግን መስመር የለም። አናይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ዓይን፣ ሌሙር ነጣ ያለ ዓይን አላቸው። ዳክኒኮሎር ወርቃማ ዓይኑ ላይ ጥቁር መረብ አለበት። ከወገን አልፈው ወደ ዝርያ ከገቡ ቀለም ዋጋ አለው፤ ከወገን በፊት ግን አይደለም።

ቀለም የሚያታልልባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው፦ ሌሙር ቀን አረንጓዴ፣ ሌሊት ቡናማ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የቀለም ማስታወሻ ጎን ሰዓቱ ይጻፍ። ሁለተኛው አልኮል ነው። የእነዚህ እንቁራሪቶች አረንጓዴ የሚገኘው ከላይ ካለ ቢጫ ቀለምና ከሥሩ ካለ ሰማያዊ ነጸብራቅ ነው። ቢጫው በአልኮል ይሟሟል፤ ሰማያዊው ይቀራል። በሙዚየም ማሰሮ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ ቅጠል እንቁራሪት በሕይወት ሳለ አረንጓዴ ነበር።

ደረጃ 6፦ ቦታ

ቦታ ብቻውን ወገን አይሰጥም፤ አማራጭ ግን ይቀንሳል። ፋስማሃይላ፣ ፍሪኖሜዱሳና ሃይሎማንቲስ ከብራዚል የአትላንቲክ ደን ውጪ አይታወቁም። ፒቴኮፐስ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ በመካከለኛው አሜሪካ የለም። ካሊሜዱሳ በአማዞንና በአንዲስ ምሥራቃዊ ተዳፋት ይኖራል። ፊሎሜዱሳ ከፓናማ እስከ አርጀንቲና ይዘልቃል። አጋሊክኒስ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ከዚያም ያለፈ ጥቂት ቦታ ይደርሳል። የቦታውን መጋጠሚያ በጂፒኤስ፣ ከፍታውንም በሜትር ይመዝግቡ፤ «ከወንዙ አጠገብ» ማለት አይበቃም። ከነጋዴ የመጣ እንቁራሪት ላይ የተጻፈ ቦታ ብዙ ጊዜ የተጫነበት ወደብ እንጂ የተያዘበት ደን አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ቦታ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ደረጃ 7፦ እንቁላልና እጭ

ሁሉም ወገኖች እንቁላላቸውን ከውኃ ውጪ ይጥላሉ፤ እጮቹ ሲፈለፈሉ ወደ ውኃ ይወርዳሉ። አጣጣላቸው ግን ይለያያል፤ አዋቂው ባይገኝ እንኳን ጎጆው ይናገራል። አጋሊክኒስ ካሊድሪያስ በቅጠል ላይ ገልጦ ይጥላል፤ በአንድ ጊዜ 40 ያህል። ፊሎሜዱሳና ፒቴኮፐስ ቅጠሉን እንደ ቀፎ አጣጥፈው ይዘጉታል፤ ከእንቁላሎቹ ጋር እንቁላል የሌለባቸው የውኃ ጄሊ ኳሶችም ይጨምራሉ፤ እነዚህ ቅጠሉን ያጣብቃሉ፤ እንቁላሎቹም እንዳይደርቁ ውኃ ይሰጣሉ። ክሩዚዮሃይላ በወደቀ ግንድ ጎድጓዳ ውስጥ ከተጠራቀመ ውኃ በላይ ይጥላል። ፋስማሃይላ ከጅረት በላይ በተጣጠፈ ቅጠል፣ ፍሪኖሜዱሳ ደግሞ ከጅረት በላይ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ወይም ግንድ ውስጥ።

የካሊድሪያስን እንቁላል ሲያነሡ ይጠንቀቁ። ከተጣለ 4 ወይም 5 ቀን ያለፈው እንቁላል እባብ ሲነክሰው በሚፈጠረው መንቀጥቀጥ የተነሣ በሰከንዶች ውስጥ ፈልፍሎ ራሱን ወደ ውኃ ይጥላል፤ ካልተነካ ግን 6 ወይም 7 ቀን ይቆያል። ቅጠሉን በኃይል ከነቀሉት እርስዎም እንደ እባብ ይቆጠራሉ። ከሥሩ ሰፊ ሳህን ውኃ ይዘው፣ ግንዱን በአንድ እጅ ደግፈው ቅጠሉን በመቀስ ይቁረጡ።

በእጩ ላይ የሚታየው አፉ ነው። የፋስማሃይላ እጭ አፉ ወደ ላይ የተገለበጠ ጉልላት ወይም ማንቆርቆሪያ መስሎ ከውኃው ገጽ ላይ ምግብ ይሰበስባል፤ ይህን ያየ ሰው ስለ ወገኑ አይጠራጠርም። የሌሎቹ ብዙዎቹ እጮች በውኃው መሃል ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው፣ የጅራታቸውን ቀጭን ጫፍ እያርገበገቡ ይንጠለጠላሉ። እጩን በጠባብ ግልጽ ዕቃ ውስጥ አድርገው ከጎንና ከፊት ያንሡት፤ ከላይ ብቻ የተነሣ ፎቶ አፉን አያሳይም።

ድምፅ ለወገን ብዙም አይረዳም፤ ለዝርያ ግን ይጠቅማል። ወንዱ ከሚጠራበት 1 ሜትር ያህል ርቀው፣ ባልታመቀ ፋይል በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ይቅዱ። የአየሩን ሙቀት ሳይጽፉ አይሂዱ፤ ሲሞቅ የጥሪው ፍጥነት ይጨምራልና ሙቀቱ የሌለበት ቅጂ ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 8፦ ዘረመል

ከላይ ያሉት ሁሉ ተሠርተው ጥርጣሬ ከቀረ ናሙና ይውሰዱ። የጣት ጫፍ መቁረጥ በሌሎች እንቁራሪቶች የተለመደ ነው፤ በጣት በሚለይ ቡድን ላይ ግን ማስረጃን መቁረጥ ነው፤ እንስሳውንም ከመጨበጥ ያግዳል። የአፉን ውስጥ በጥጥ እንጨት መጥረግ ይበቃል። ጥጡ በ95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይግባ፤ በጥላ ይቀመጥ። ፎርማሊን ሰውነት ቅርጹን ይዞ እንዳይበሰብስ ለማድረግ ጥሩ ነው፤ ዲኤንኤን ግን ያበላሻል። ስለዚህ ሙሉ እንስሳ የሚቀመጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የዘረመል ናሙና በኢታኖል፣ ቀጥሎ ሰውነቱ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ በመጨረሻ በ70 በመቶ ኢታኖል።

ለመጀመሪያ ንጽጽር 16ኤስ የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ክፍል፣ 550 ያህል የዲኤንኤ ፊደል፣ በቂ ነው። ውጤቱን በጂንባንክ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነው የዘረመል መረጃ ቋት፣ ሲያወዳድሩ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የስም እርጅና ነው፦ ከሁሉ የሚቀርበው ውጤት «ፊሎሜዱሳ ሃይፖኮንድሪያሊስ» ወይም «ሃይሎማንቲስ ሌሙር» ሊል ይችላል፤ ያስገባው ሰው ስሙን አላደሰውም ማለት ነው እንጂ የርስዎ እንቁራሪት ፊሎሜዱሳ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛው የመቶኛ ቁጥር ነው። በ16ኤስ 3 በመቶ ልዩነት ሌላ ዝርያ ሊሆን እንደሚችል ለመጠርጠር ያገለግላል፤ ለወገን ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለም። ወገን የሚወሰነው እንቁራሪቱ በዘር ግንዱ ላይ ከማን ጋር እንደተቧደነ ነው። ስለዚህ ከ8ቱም ወገኖች ቢያንስ አንድ አንድ ዝርያ፣ ከቅርብ ዘመዶቻቸው ከአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪቶችም አንዱን ጨምረው ግንዱን ይሥሩ።

ማይቶኮንድሪያ የእናትን መስመር ብቻ ስለሚከተል ድቅልን አያሳይም። በደቡብ ብራዚል ፊሎሜዱሳ ዲስቲንክታ 26፣ ቴትራፕሎይዴያ ደግሞ 52 ክሮሞዞም አላቸው፤ በሚገናኙበት ቦታም ክሮሞዞማቸው ሦስት እጥፍ የሆነ ድቅሎች ይወለዳሉ። እዚያ አካባቢ የተገኘ ፊሎሜዱሳ ክሮሞዞሙ ሳይቆጠር የዝርያ ስም አይሰጠው።

ደረጃ 9፦ ስሙን መጻፍ

ሙሉ ስም ወገን፣ ዝርያ፣ ገላጭና ዓመት ነው። ገላጩ በቅንፍ ውስጥ ሲሆን ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር ተገልጾ ነበር ማለት ነው። ኮፕ ካሊድሪያስን በ1862 ሃይላ ብሎ ነበር የገለጸው፤ ስለዚህ አጋሊክኒስ ካሊድሪያስ (ኮፕ፣ 1862) ተብሎ በቅንፍ ይጻፋል። ሌሙርም አጋሊክኒስ ሌሙር (ቡሌንጀር፣ 1882) ነው። ቅንፉን እንደ ጌጥ ቆጥሮ የሚተው ወይም የሚጨምር ሰው ታሪኩን ይሰርዛል።

ወገን ሲቀየር የዝርያው ስም መጨረሻም በላቲን ጾታ ይስማማል። ፊሎሜዱሳ አንስታይ፣ ፒቴኮፐስ ተባዕታይ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ፊሎሜዱሳ አዙሬያ ዛሬ ፒቴኮፐስ አዙሬውስ፣ ፊሎሜዱሳ ኖርደስቲና ደግሞ ፒቴኮፐስ ኖርደስቲነስ ሆኗል። ሃይፖኮንድሪያሊስ ግን ለሁለቱም ጾታ አንድ ስለሆነ አልተለወጠም። በኮምፒውተር መዝገብ ላይ የወገኑን ስም ብቻ በአንድ ትዕዛዝ የሚቀይሩ ሰዎች «ፒቴኮፐስ አዙሬያ» የሚል ትክክል ያልሆነ ስም የሚፈጥሩት ይህን ሳያዩ ነው።

ዝርያው ካልተረጋገጠ በወገን ይቁሙ። «ፒቴኮፐስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። በመለያ ወረቀቱ ላይ በምን እንደተለየ በአንድ መስመር ይጨምሩ፦ «የእግር 1ኛ ጣት ረዥም፣ የጆሮ ኋላ እጢ የለም፣ ተረከዝ ያለ ሾህ፣ 41.2 ሚሊ ሜትር፣ ወንድ»። ከዚያ የለየው ሰው ስምና የተለየበት ቀን። ስሙ በኋላ ቢቀየር አሮጌውን ወረቀት አያውጡ፤ አዲሱን ከጎኑ ያስገቡ። በክሩዚዮሃይላ ላይ እንዲሁ ነው የሆነው፤ በመካከለኛው አሜሪካ ካልካሪፈር ይባሉ ከነበሩት ብዙዎቹ በ2018 ሲልቪያይ ተብለው ተለዩ። በማሰሮው ውስጥ ቦታውንና ከፍታውን የያዘ አሮጌ ወረቀት የነበራቸው ናሙናዎች ወደ ትክክለኛው ስም ለመመለስ ቀላል ናቸው፤ ወረቀታቸው የተጣለባቸው ግን እንደገና ከተረከዝና ከጣት መጀመር አለባቸው።